ለሽኝታችን ቀን ወላጅ አምጪ ተባልኩ

አንኮበር ውስጥ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በማለዳ ተከታትለው ሲሄዱ ካያችሁ ወይ የሰው ልጅ ሊጠይቁ ነው፣ ወይ የተጣላ ሊያስታርቁ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። እግሩን ለማፍታታት ብሎ ያንን ዳገት የሚወጣ ሽማግሌ እኛ አገር ገና አልተወለደም። ስለዚህ ባለፈው ሰኔ አባቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤታችን ሲወጣ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ "የማንን ልጅ ነው?" እያለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የማንን ልጅ እንደሆነ እኔም ያወቅሁት በኋላ ነው። የራሱን ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ደብረ ብርሃን ሄደን፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረን ብሔራዊ ፈተና ልንፈተን ጥቂት ቀናት ሲቀሩን የሽኝት ፕሮግራም ይዘጋጅ ተባለ። የከተማ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው እንዴት እንደሚሰናበቱ በስልክ አይተናል። አንድ ቀን ፒጃማ ለብሰው ይመጣሉ፣ አንድ ቀን ውሃ ይራጫሉ፣ አንድ ቀን ዱቄት ይደፋፋሉ። እኛም ተሰብስበን ተወያየን። ፒጃማ ያለው ሰው አልተገኘም። የውሃው ሐሳብ ሲነሳ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞር አልን፤ ሰኔ ነው፣ አንኮበር ነው፣ ሰማዩ ራሱ ሳንጠይቀው እየረጨን ነው። ዱቄት ደፍቶ ቤቱ የሚገባ ልጅ ከእናቱ የሚጠብቀውን ደግሞ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አፉን አልከፈተም። በመጨረሻ በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ልንቀባና ድራማ ልንሠራ ተስማማን። ኖራው በዚያ ዝናብ እንደማይደርቅ ያሰበ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ያላሰብነው ብዙ ነገር አለ።

ድራማው መምህራኖቻችንን መምሰል ነው። በዚህ ሙያ እኔንና ሀብታሙን የሚስተካከል በትምህርት ቤቱ ታሪክ አልነበረም፤ ይህን የምለው እኔ ስለሆንኩ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ሀብታሙ ከቆላው ወገን መጥቶ፣ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚማር ልጅ ነው። የባዮሎጂ መምህራችንን ሳል ከራሳቸው አሳምሮ ይስላል። አንድ ቀን ከመስኮት ሥር ሆኖ ሲስል ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ "እንደምን አደሩ መምህር" ብሏል።

ለሽኝቱ ግን ሀብታሙ ሊሆን የተመረጠው ዳይሬክተሩን ነበር። ዳይሬክተራችን ሞቃት አገር ተወልደው፣ ሞቃት አገር አድገው፣ አንኮበር የተመደቡ ሰው ናቸው። ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ኮፍያቸው እስከ ቅንድብ፣ ሻርፓቸው እስከ ዓይናቸው ሥር ነው። በመካከል የምትታየውን ቀጭን ቦታ ነው እኛ ዳይሬክተር ብለን የምንፈራው። ካፖርቱን የለበሰ ሁሉ እሳቸውን ይሆናል ማለት ነው። በሽኝቱ ጠዋት ሀብታሙ ቢሮ ገብቶ ልብሳቸውን እንዲያውሱት ጠየቃቸው። ይቆጡታል ስንል፣ "ቁልፉን እንዳትበጥስ" ብለው ከነሻርፑ አውልቀው ሰጡት። ከዚያም ከጥበቃው ጋቢ ተውሰው ሲንቀጠቀጡ ዋሉ። ሰውየው ለካ ቀልድ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንግባ። በዋዜማው ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ "ተሸኚ ተማሪዎች፣ ነገ ወላጅ ይዛችሁ ኑ" አሉ። ወላጅ ይዞ በመምጣት በኩል እኔ ልምድ አለኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አባቴ ብዙ ጊዜ ተጠርቷል። አንዴ ክፍል ውስጥ ስቄ፣ አንዴ አስቄ፣ አንዴ ደግሞ የሳቀችው ጓደኛዬ ሆና ሳለ "አሳቀቻት" ተብዬ። በተጠራ ቁጥር ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ያስገቡትና በሩን ዘግተው ይነግሩታል። አባቴ ሲወጣ አይቆጣኝም። ከፊቴ ከፊቴ እየሄደ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እሱ ነው የሚያመኝ። ስለዚህ ይህን ጥሪ ስሰማ ልቤ ዘለለ። አንድ ቀን እንኳን ስለ እኔ ደግ ነገር ሰምቶ እንዲመለስ ከልቤ እመኝ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል።

"አባባ፣ ነገ ትምህርት ቤት ይፈለጋሉ" አልኩት።

መጥረቢያው ቆመ። "ደግሞ ምን አደረግሽ?"

"ምንም አላደረግሁም። ሊሸኙን ነው፣ ደግ ነገር ነው። ድራማ አለ። እኔም ንግግር አደርጋለሁ።"

"ደግ ነገር።" ሞፈሩን ገልበጥ አድርጎ አየው። "ከክፍልሽ ሁለተኛ የወጣሽ ጊዜ ጠርተውኛል?"

"አልጠሩዎትም።"

"ለጥያቄና መልስ ውድድር ደነባ ሄዳችሁ ያሸነፋችሁ ጊዜስ?"

"ያኔም አልጠሩዎትም።"

"እህ! እነዚህ ሰዎች ለደግ ነገር ሰው አይጠሩም። ፈተናው ሳይደርስ ሊያባርሩሽ ነው። ንግግር ያልሽውም ንግግር አይደለም፤ ቃል ልትሰጪ ነው።"

ተቆጥሮ የማያልቅ ማስረጃ አቀረብኩ። አልሰማኝም። ሞፈሩን እንዳጋደመ ትቶ፣ ጋቢውን አንስቶ ወደ ጎረቤት ሄደ።

አባቴን ባታውቁት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ የአንዱ በሬ የሌላውን ገብስ ሲበላ የሚጠራው እሱ ነው። አብረውት የሚሄዱትም ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ ሸህ ይመርና ጋሽ ደምሴ። ሥራውን ተከፋፍለውታል። አባቴ ይለምናል። ሸህ ይመር ይቆጣሉ፤ የሚቆጡት ግን የገዛ ወገናቸውን ጥፋተኛ ነው፤ እንዲያ አድርገው ሲወርዱበት ተበዳዩ ራሱ አዝኖ "ኧረ ይብቃው" ይላል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ያለቅሳሉ። እንደ ዘበት እንዳታዩት፤ ጋሽ ደምሴ አልቅሰውበት ሳይታረቅ የቀረ ጠብ በወረዳችን የለም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በማግስቱ ማለዳ አባቴ "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ሰው ይዤ እደርሳለሁ" ሲለኝ ምንም አልጠረጠርኩም። እናቴን መስሎኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ግቢያችንን ሞልቶት ነበር። ጉም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ሳይቀር በመምጣት ከሁላችንም ይበልጣል። ከመድረኩ ሆኜ የፊተኛውን ረድፍ አያለሁ፣ የኋለኛውን እሰማለሁ። ከወላጆች የመጡትም አጥሩ ሥር ተጠግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የሁሉም ፊት ላይ "የእኔው ደግሞ ምን ሰብሮ ይሆን" የሚል ይነበባል። ለካ የተሳሳተው አባቴ ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌ ለመያዝ ያሰበው ግን እሱ ብቻ ነው።

ድራማው ተጀመረ። ሀብታሙ በዚያ ካፖርት፣ በዚያ ሻርፕ ብቅ ሲል ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ የምሠራው የምትባረር ተማሪ ሆኜ ነው፤ ብዙ መለማመድ አላስፈለገኝም። ተንበረከክሁ። ሀብታሙ በታፈነው የዳይሬክተሩ ድምፅ "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ አይደለሽም!" ብሎ ጮኸ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ!"

"ይቅርታ የለም! ውጪ ብያለሁ!"

በዚህ መሐል ከጉሙ ውስጥ "ስለ እግዚአብሔር!" የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁን አወቅሁት። ቀና ስል አባቴ፣ ሸህ ይመርና ጋሽ ደምሴ ሰዉን እየሰነጠቁ ሲመጡ አየሁ። እስቲ በእነሱ ዓይን እዩት። ዳይሬክተሩ ከነካፖርታቸው ቆመዋል፣ ልጅቱ ጭቃ ላይ ወድቃለች፣ መባረሯ በአደባባይ ታውጇል። በሰዓቱ የደረሱ ነው የመሰላቸው።

አባቴ መጥቶ ከሀብታሙ እግር ሥር ወደቀ። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዷ "ሽማግሌ ሆኖ የሚሠራው ማነው? ጺሙ እውነተኛ ይመስላል እኮ!" ስትል ሰማሁ።

"ጌታዬ፣ ልጅ ናት" አለ አባቴ። "አራት ዓመት ሙሉ ይህን ዳገት ወጥታለች። አሁን ጫፉ ላይ ስትደርስ አይመልሷት።"

ሸህ ይመር በበኩላቸው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ባለጌ! ወላሂ እኔ ብሆን ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ነበር የማባርርሽ! ድንጋይ ተሸከሚ! ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ!"

ጋሽ ደምሴ እንባቸውን እያዘሩ ጎንበስ አሉና በቅርብ ያገኙትን ድንጋይ አንስተው ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ። ትናንት እኛው ኖራ የቀባነው ድንጋይ ነው። ኖራው በዩኒፎርም ሹራቤ ላይ እየወረደ ጀርባዬን ነጭ አደረገው።

"አባባ፣ ድራማ እኮ ነው!"

"ዝም በይ! አሁንም ታሾፊያለሽ?"

ሀብታሙን ያየሁት ይሄኔ ነው። በአባቱ ዕድሜ ያለ ሰው እግሩ ሥር ወድቆበታል፤ ይህ ደግሞ በድራማችን ውስጥ የለም። ጥቂት ተንገዳገደና እሱም በጉልበቱ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

"አባቴ፣ በፈጠረዎት ይነሱ!"

"ይቅር ሳይሉን አንነሳም።"

"እርስዎ ይነሱና እኔ እነሳለሁ!"

"እርስዎ ቀድመው ይቅር ይበሉን።"

ዳይሬክተርና ወላጅ ፊት ለፊት ተንበርክከው ሲለማመኑ ግቢው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። በመጨረሻ ሀብታሙ ጨነቀውና "ይቅር ብያታለሁ! እናቴ ትሙት ይቅር ብያታለሁ!" አለ።

ሸህ ይመር ጠረጠሩ። "ዳይሬክተር እናቴ ትሙት ይላል እንዴ?" ብለው ጠጋ አሉና ሻርፑን በከዘራቸው ጫፍ ዝቅ አደረጉት። ከሥሩ ጺም ያላበቀለ፣ ላብ ያጠመቀው ፊት ወጣ። "ላ ኢላሃ ኢለላህ! ይሄ እኮ ልጅ ነው!"

ሳቁ ያን ጊዜ ነው ጣራ የነካው። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። የሚስቀውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አየው። ስንቱን ጠብ ሲያበርድ የኖረ ሰው፣ ቃሉ የሚከበር ሰው፣ ለእኔ ብሎ በመላው ትምህርት ቤት ፊት መሳቂያ ሆነ። ጋቢውን አጣፋና ወደ በሩ ዞረ። ያን በር ከወጣ ዳግመኛ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ስሙን እንደማይጠራ ታወቀኝ። እኔ ሳቅ ስወድ ያደግሁ ልጅ፣ ሳቅ እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

"አባቴ፣ እባክዎ አይሂዱ!"

ከመምህራኑ ወንበር አንድ ቀጭን ሰው በጥበቃው ጋቢ ተጠቅልለው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መጡ። ተማሪው ራሱ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። አፍንጫቸውን ያኔ ነው በቅጡ ያየነው።

"ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ" አሉ።

አባቴ ካፖርቱንና ሰውየውን እያፈራረቀ አየ። "እርስዎስ ለመሆንዎ ምን ማስረጃ አለ?"

መምህራኑ ሁሉ መሰከሩላቸው። ዳይሬክተሩ እጅ ነስተው ነገሩን አስረዱ። የሽኝት ቀን እንደሆነ፣ ያየው ሁሉ ጨዋታ እንደሆነ፣ እኔም አንዳች ያጠፋሁት እንደሌለ ነገሩት።

"ታዲያ ለምን ተጠራሁ?"

"ደስ እንዲልዎት ነው።"

ሳቁም ቀስ በቀስ ሞተ። አጥሩ ሥር የቆሙት ወላጆች አንገታቸውን ቀና ቀና አደረጉ።

የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት ሸህ ይመር ናቸው። ሽምግልና የለመደ ሰው ነገር ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። የተመልካች አግዳሚ ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡና፣ "እንግዲያው ተበዳዮቹ እኛ ነን" አሉ። "ሽማግሌ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ተስቆበት፣ በደረቁ አይኬድም። ካሳ አለው።"

"ምን ልካስ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

ጋሽ ደምሴ እንባቸውን ወዲያው ጠረጉ። "በግ ቢሆን..."

"በግ አልፈልግም" አለ አባቴ። ወደ መድረኩ ተመልሶ ዳይሬክተሩ ፊት ቆመ። "ጥፋቷን ሁሉ እየጠራችሁ ነግራችሁኛል። ቢሮ አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ በቀስታ። ዛሬ ደግሞ ደግ ሥራዋን ንገሩኝ። እዚሁ ደጅ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ።"

ዳይሬክተሩ የጥበቃውን ጋቢ ጠበቅ አደረጉ። "ልጅዎ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት።"

"እሱን አውቃለሁ። ሌላስ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ታስረዳለች።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "የት ትሄጃለሽ ስልሽ 'እዚህ ድረስ' የምትዪው ለዚህ ነው?" መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ዳይሬክተሩ ተመለሰ። "ሌላስ?"

ዳይሬክተሩ ሲያልቅባቸው መምህራኑ ተቀበሏቸው። የባዮሎጂ መምህራችን፣ ጣራ ያፈሰሰ ቀን የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ተሸክሜ ወደ ደረቅ ክፍል ያሻገርኩ እኔ እንደሆንኩ በሳላቸው መሐል ተናገሩ። ዩኒት ሊደሩ፣ እኚያው በር ዘግተው የሚከሱኝ፣ ብድግ አሉና "ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ላይ ልጅዎ ባታስቅ ኖሮ ግማሹ ክፍል ተኝቶ ነበር የሚመረቀው" አሉ። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ድንጋዩን ተሸክሜ ነው የቆምኩት፤ አውርጂው ያለኝ የለማ። ድንጋይ ተሸክሞ የተመሰገነ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ግን ክብደቱ አልተሰማኝም። አባቴን ነበር የማየው። በእያንዳንዱ ቃል አንገቱ ቀና፣ ትከሻው ሰፋ ይል ነበር። እንዲያ ሲኮራብኝ አይቼው አላውቅም። እኔም በእሱ የዚያን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያማ ማን ያስቁመው! አጥሩ ሥር ከቆሙት አንዲት እናት "የእኔስ? የእኔንም ልጅ ንገሩኝ እንጂ!" ብለው ተጣሩ። ሌላው ተከተለ። ፕሮግራሙ በሙሉ ተሰረዘ፤ ውዝዋዜውም ቀረ፣ ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግሬም ቀረ። ተማሪው በስሙ እየተጠራ፣ ወላጁ ከጎኑ እየቆመ፣ የመምህራኑ ሥራ ደጉን በድምፅ ማጉያ መንገር ሆነ። አንዳንዱ ላይ ፈተና ነበር። ለአንዱ ሰነፍ ጓደኛችን ዳይሬክተሩ ሰማይ ሰማዩን ካዩ በኋላ "ኳስ ገደል ስትገባብን ወርዶ የሚያመጣልን እሱ ብቻ ነው" አሉ። እናቱ እልልታውን አቀለጡት። እውነትም እሱ ባይኖር ኖሮ ያለ ኳስ ነበር የምንማረው።

መጨረሻ ላይ የሀብታሙ ስም ተጠራ። ካፖርቱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ይዞ ወጣ። ከጎኑ የሚቆም ሰው አልነበረም።

"ወላጅ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ሩቅ ናቸው" አለ ሀብታሙ እየሳቀ። "እኔን ይለፉኝ፤ በኋላ ለራሴ እነግረዋለሁ።"

የሳቀለት ሰው አልነበረም። ይሄኔ አባቴ ከሸህ ይመር አጠገብ ከተቀመጠበት ተነሳ። ጭቃው ጉልበቱ ላይ እንደደረቀ ሄዶ ከሀብታሙ አጠገብ ቆመና እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

"ይህ ልጅ እኔ ስወድቅ ቆሞ አላየኝም" አለ። "አብሮኝ ወደቀ። ወላጁ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ንገሩኝ።"

ዳይሬክተሩ መናገር ጀመሩ። ከሁላችንም የረዘመው የሀብታሙ ነበር፤ አባቴም አንዲት ቃል ሳታመልጠው እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ።